ሰውየው ለምን ዋኝቶ ተሻገረ?

የተወለድኩባት አገር ልጆቿን በዓመት አንድ ጊዜ ትሰፍራለች። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ መስፈሪያ ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ቀኑን ያስታውቃል። በዚያ ቀን ወፍጮ አይፈጭም፤ ውሻ ይታሰራል፤ እናቶች ሕፃን አልቅሶ እንዳይረብሽ አዝለው ከከተማ ወጥተው ይውላሉ። የሚሰፈረው ንባብና ሒሳብ ብቻ ነው። ቀድሞ ጠባይም ይሰፈር ነበር አሉ፤ ሰፋሪዎቹ በውጤቱ ተጣልተው እርስ በርስ ስለተደባደቡ ቀረ።

ውጤቱ በወረቀት አይነገርም። በየትምህርት ቤቱ ግቢ የባንዲራ እንጨት ቆሟል፤ ልጆቹ በደንብ ካነበቡና ካሰሉ አናጢ መጥቶ ያስረዝመዋል፤ ካልሆነላቸው ይቆርጠዋል። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቁልቁል የሚያይ ሰው የየትኛው ሰፈር ልጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ በአንድ እይታ ይረዳል። እንጨታቸው ተቆርጦ ተቆርጦ ከበርጩማ ያነሰ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እዚያ ተማሪዎቹ ባንዲራ የሚሰቅሉት ተንበርክከው ነው። ይህን የምጽፈው ለማሾፍ አይደለም። እኔ በተማርኩበት ሩቅ አገርም ልጆች ይሰፈራሉ፤ እንጨት ግን የላቸውም።

ከዚያ አገር የተመለስኩት መስፈሪያን የመስፈር ትምህርት ጨርሼ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት አለ። ዋና ነገሩ ቁጥር ሲነገር ቶሎ አለማመን ነው። ሥራ ያስገኛል፤ ለኑሮ ግን አይመችም። በተመለስኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ቤት እየለዋወጥኩ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ፤ የእናቴ ዘመዶች አቅፈው ሲስሙኝ እንኳ ስንቱ ስሞሽ ከልብ እንደሆነ እጠራጠር ነበር። ሰፈርተኛው ስሜን ትቶ «ተመላሿ» ይለኝ ጀመር።

አቶ ጓንጉል ግን የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ሰው ነበር። አቶ ጓንጉል ዋናው ሰፋሪ ናቸው፤ የመስፈሪያ ቤት አለቃ ማለት ነው። ሹመቱን የወረሱት ከአባታቸው ነው። አስጠርተውኝ በቢሯቸው መስኮት ወደ ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር አመለከቱ። ከዛጉት ቆርቆሮዎች መሐል አንድ የባንዲራ እንጨት ተነሥቶ ቆሟል፤ የመስፈሪያ ቤቱን የራሱን እንጨት ሊያክል ምንም አልቀረውም።

«የውል ትምህርት ቤቱ ነው» አሉኝ። «የቆዳ ፋቂ ልጅ ከጸሐፊ ልጅ በልጦ አያነብም። እንዴት እንደሚሰርቁ ፈልጊልኝ።»

ውሉ እንዲህ ነው። ከተማው አንድ ባዶ ቤት ይሰጥና እንደፈቀዳችሁ አስተምሩ፤ ጠመኔ አልሰጥም፤ ተቆጣጣሪም አልልክም ይላል። ቤቱን የሚቀበለው ደግሞ በሦስተኛው ስፈራ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ካልበለጠ፣ ወይም ሲሰርቅ ከተገኘ፣ በሩ እንዲታሸግ ይፈርማል። በውል የተከፈተ ሁሉ ተሳክቶለታል ማለት አይደለም። አንዱ ሒሳቡንም በዜማ ካላስተማርኩ ብሎ እንጨቱ የፍየል ማሰሪያ ካስማ ሆኖ ቀርቷል። ሌላው ቀድሞውንም ማንበብ የሚችሉ ልጆችን እየመረጠ ሲቀበል ተደርሶበት ታሽጓል። የቆዳ ፋቂዎቹ ትምህርት ቤት ግን ሁለት ጊዜ ተሰፍሮ ሁለት ጊዜ በልጧል፤ ሦስተኛው ቀርቦ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ፤ ሰፊ ትከሻና ቀስ ያለ ንግግር ያላቸው ሴት ናቸው። ቤቱ ቆዳ ይነከርበት የነበረ ስለሆነ ገና ከበሩ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። ሌባ ልፈልግ እንደመጣሁ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ተቀመጪ እቴ» አሉኝ። «ቆሞ መፈለግ ያደክማል።»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልጅ ይመርጣሉ ብዬ ነው። እሳቸው ቦታ ስለሚጠባቸው በዕጣ ነው የምንቀበለው አሉኝ፤ ነጭ ጠጠር የወጣለት ይገባል፣ ጥቁር የወጣለት ይመለሳል። ዕጣውንም አላመንኩም። በዕጣው ቀን ማሰሮውን ራሴ አጥቤ፣ ጠጠሮቹን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ ነቀነቅኩት። አንድም የተበላሸ ነገር አላገኘሁም። ከዚያ ባለፉት ዓመታት ጥቁር ጠጠር የወጣላቸውን ልጆች እየፈለግኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰፈሩ ያው ነው፤ ሽታው ያው ነው፤ እናቶቹም ያው ናቸው፤ አንዳንዴ አንዱ ወንድም ገብቶ ሌላው ቀርቷል። ሁሉንም አስነበብኳቸው። ያልደረሳቸው ልጆች ሰነፎች አልነበሩም፤ ግን ፊደሉን ይጠሩታል እንጂ ነገሩን አይዙትም። ከአንዲት ቆዳ ፋቂ ቤት አንዷ ነጭ፣ ሌላዋ ጥቁር የወጣላቸውን መንታ እህትማማቾች ለየብቻ ሳስነብብ እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እሱን ተይውና ጥቁሩን ጠጠር በነጭ ለውጪልኝ» አለችኝ።

ይህ ነገር አላስደሰተኝም። የመጣሁት ተንኮል ፍለጋ ነበር።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት ጠብ መስሎኝ ነበር። ትርንጎ የምትባል ቀጭን ልጅ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ዱላ ይዛ፣ ወደፊት እየተራመደች ወደኋላ እየተመለሰች «በላ ልበልሃ!» ትላለች። ከፊቷ አንዳርጌ የሚባል ክብ ፊት ልጅ ዱላውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ከወንበሩ ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ እንደ ዳኛ ጉብ ብሏል። የሚሟገቱት ሁለት ሦስተኛና ሦስት አራተኛ ማን ይበልጣል በሚል ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት ስህተት አይታረምም። ሁለት ሦስተኛ ይበልጣል ያለ ልጅ «አይደለም» አይባልም፤ ዱላ ይሰጠውና ተሟገት ይባላል። ስህተቱ ተሟግቶ መረታት አለበት እንጂ በጠመኔ ማጥፊያ አይጠፋም። የተሳሳተ ልጅ በጠፋ ቀን ደግሞ በዕጣ አንዱ የስህተቱ ወገን ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ትክክሉን አሳምሮ የሚያውቀው ልጅ ነው የሚደርሰው። ንባብም እንደዚሁ ነው። አንዱ ተነሥቶ ገበሬው ተቆጥቷል ካለ ዳኛው «ምስክር ጥራ» ይለዋል፤ ልጁ ጣቱን ከመጽሐፉ መስመር ላይ አሳርፎ «ምስክሬ ይህ ነው» ይላል። ባላጋራው ምስክሩን መስቀለኛ ይጠይቃል፦ ይህ መስመር ጮኸ ይላል እንጂ ተቆጣ ይላል ወይ? የሚጮኽ ሁሉ ተቆጥቷል ወይ? መስመር ያጣ ይቀመጣል።

ይህን ከየት አመጡት ብዬ ወይዘሮ ደብሪቱን ጠየቅኳቸው።

«አባቴ በአንዲት ድንበር ሲሟገት ዕድሜውን ፈጀ» አሉኝ። «መሬቱን ተረታ። ማንበብ የተማረው ግን በዚያ ምክንያት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሌላ ሰው ሲያነብለት አላምን አለ። መጠራጠር ደህና አድርጎ ያስተምራል እቴ። አንቺን ምን እንዳስከፋሽ እንጃ።»

የትምህርት ቤቱን ነውር ፈልጌ ያገኘሁት የልጆቹን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ በእውነት ያሳፍራል። ጩኸቱም ራስ ያሳምማል። ግን ከሳምንት ሳምንት ስቀመጥ፣ ልጆቹ አንድ ነገር ሲነገራቸው ዓይናቸው መስመር ፍለጋ ሲሄድ እመለከት ነበር፤ በሩቁ አገር ታላላቅ አዳራሾች ውስጥ ይህን ያየሁት አልፎ አልፎ ነው። አንድ ቀን ስለ ሩቁ አገር ስነግራቸው አንዳርጌ እጁን አውጥቶ ምስክር እንድጠራ ጠየቀኝ። አልነበረኝም፤ ተቀመጥኩ።

የስፈራው ቀን መጣ። በመስፈሪያ ቤቱ ስም ጠባቂ ሆኜ ክፍላቸው ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ጩኸታም ልጅ ጸጥ አለ። አንዱም ወደ ጎረቤቱ አላየም፤ አንዱም ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። ጭንቅላታቸው ብቻ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበርና። አልፎ የሄደ አንድ ሰፋሪ አይቷቸው የአንገት በሽታ ገብቷል ብሎ መዘገበ። እኔ መማል አይሆንልኝም፤ በዚያ ክፍል ማንም ከማንም ጋር አለመመካከሩን ግን እምላለሁ።

ሒሳቡን ከማንም በላይ ሠሩት። ንባቡም እንደዚያው ነበር፤ ከአንድ ጥያቄ በቀር። የንባቡ ጽሑፍ አጭር ነው፦ «አንድ ሰው ከገበያ ሲመለስ ወንዙን ሞልቶ አገኘው። ከወዲያ ማዶ ቤቱ ይታያል። ሰውየው ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ውሃው እስኪጎድልም ጠበቀ።» ጥያቄው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሰውየው ለምን ዋኝቶ ተሻገረ?» መልሶቹ አራት ናቸው፤ ስለቸኮለ፣ ስለራበው፣ ጀግና ስለሆነ፣ ዋና ስለሚወድ። ይህ ጥያቄ ከድሮ ጀምሮ በየዓመቱ ይወጣል። የአገሩ ልጅ በሙሉ ጀግና ስለሆነ የሚለውን ይመርጣል፤ በየትምህርት ቤቱም ጽሑፍ ውስጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ ጀግና እንደሆነ ይነገራል።

የቆዳ ፋቂዎቹ ልጆች አንዱንም አልመረጡም። ሁሉም በዚያ በሚያሳፍር የእጅ ጽሑፋቸው ከጎኑ «አልዋኘም» ብለው ጽፈዋል።

የመስፈሪያ ቤቱ ደንብ ግልጽ ነው፦ የአንድ ክፍል ልጆች ሁሉ ከተሰጡት መልሶች ውጭ አንድ ዓይነት መልስ ከጻፉ ተመካክረዋል፤ የተመካከረ ሰርቋል፤ የሰረቀ ይታሸግበታል። አቶ ጓንጉል የክሱን ወረቀት አዘጋጅተው እንድፈርም ጠሩኝ። ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ሰውየው ዛፍ ሥር ነው የተቀመጠው አልኳቸው። ሁሉም አንድ ነገር የጻፉት አንድ ነገር ስላነበቡ ነው አልኳቸው።

እሳቸው አልተቆጡም። ደክሟቸው ነበር። ቀስ ብለው አስረዱኝ፦ ሰውየው ካልዋኘ መስፈሪያው ተሳስቷል፤ መስፈሪያው ከተሳሳተ በአገሩ የቆመ የባንዲራ እንጨት ሁሉ ያለ ልኩ ቆሟል፤ ያን ሁሉ የሚያስተካክል አናጢ ከየት ይመጣል? ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ መላ ሰጡኝ። ልጆቹ በማግስቱ መጥተው ከአራቱ አንዱን፣ የፈለጉትን፣ ያክብቡ። ያን ጊዜ ክስ የለም፤ ትምህርት ቤቱም ይቀጥላል።

ይህንና ያልፈረምኩበትን የክስ ወረቀት ይዤ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ሄድኩ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ይህ የእኔ ፍርድ አይደለም ብለው ለክፍሉ አቀረቡት። ዕጣ ወጣ። እናክብብ የሚለው ወገን ለትርንጎ ደረሰ፤ አናክብብም የሚለው ለአንዳርጌ። ዳኝነቱ የወጣው ዘርፌ ለምትባል ልጅ ነው፤ ስትናገር ጎንበስ ብለው ካልሰሟት የማትሰማ ልጅ ናት።

ትርንጎ እንደዚያ ቀን ስትሟገት አይቼ አላውቅም፤ የምትለው የዕጣ ብቻ አልነበረም። ታናሽ እህቷ ነጭ ጠጠር ወጥቶላት በመጪው ዓመት ልትገባ ነው። በሩ ከታሸገ የት ትገባለች? «ሰውየውን አናውቀውም» አለች። «ቢዋኝ ምናችን ይነካል? ይዋኝ! እህቴን አሻግሮ ይመለስ።» ክፍሉ ሳቀ። አንዳርጌ ከመስመሩ ላይ ጣቱን አላነሳም። ዛሬ ያላየነውን አየን ካልን ነገ ምስክር ጥሩ የሚለን የለም፤ ያን ጊዜ ይህ ቤት ቢታሸግስ ምን ልዩነት አለው አለ። እሷም መልሳ ልዩነቱ እህቴ ናት አለችው። እኔ በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ።

ዘርፌ ብዙ አሰበች። ከዚያ ፈረደች፦ ዋኝቷል የሚለው ሰው ራሱ መጥቶ ይሟገት። ከረታን እናከብባለን። ከተረታ ክሱን ይተዋል።

ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸው ተለወጠ። ዋናው ሰፋሪ በልጆች ሸንጎ ተረትተው እምቢ ቢሉ የሚያስገድዳቸው የለም፤ በሩን ያሽጋሉ፤ ማክበቡም ይቀራል። ፍርዱን ግን አልሻሩም። አድርሺ ብለው ላኩኝ።

በአገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ካለበት ይቆማል፤ ጉርሻ በእጁ ይዞም ቢሆን። አቶ ጓንጉል ከመስፈሪያ ቤቱ በር ላይ በቅሏቸው ቀርባላቸው አንድ እግራቸው እርካብ ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ እንዲያ አልኳቸው። እግራቸው እርካቡ ውስጥ እንዳለ ቀሩ።

«ማነው የከሰሰኝ?» አሉ።

«የቆዳ ፋቂዎቹ ልጆች ናቸው።»

«ጠበቃ አላቸው?»

«ሁሉም ጠበቆች ናቸው» አልኳቸው።

በማግስቱ መጡ። የሽታው ነገር ሳይገዳቸው ገብተው ዱላውን ተቀበሉ። ዕጣ ሲወጣ የትርንጎ ወገን ተገለበጠ፤ ትናንት ይዋኝ ያለችው ዛሬ አልዋኘም የምትለው ወገን ሆነች። እሳቸውን «በላ» ማለት ስለማይገባ ጥቂት አመነታችና «ይበሉ ልበልዎ!» አለች። አቶ ጓንጉል መጀመሪያ አፍረው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣሉት፤ አንድ ሁለት እርምጃም ወደፊት ሄዱ። በልጅነታቸው ሸንጎ ያዩ ሰው መሆናቸው ታየ።

አገሩ ሁሉ ዋኝቷል ይላል ብለው ጀመሩ። ትርንጎ አገሩ ሁሉ ወንዙ ዳር ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ውሃው ከጎደለ በኋላ ገብቶ ተሻግሯል፤ ውሃ ውስጥ መሄድም የዋና ዓይነት ነው አሉ። ምስክር ይጥሩ አለቻቸው። ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አኖሩ። ጣታቸው በመስመሮቹ ላይ ሄደች ሄደችና «ጠበቀ» ላይ ስትደርስ ጽሑፉ አለቀ። ጣታቸውን ግን አላነሱም።

«ሌላ ምስክር አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «የጻፈው ሰው።»

«ማን ናቸው?» አለች ዘርፌ።

«አባቴ።»

«ሰውየውን ያውቁት ነበር ወይ?»

አቶ ጓንጉል ዱላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ሰውየው እሱ ነው» አሉ።

ከዚያ ቆመው ነገሩን። አባታቸው ወጣት ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው ታሞ፣ መድኃኒት ሊገዙ ገበያ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ወንዙ ሞልቷል። መድኃኒቱን በጉያቸው ይዘው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ውሃው ጎድሎ ሲሻገሩ ወንድማቸው ሞቶ ቆያቸው። ስለዚህ ነገር ለሰው ተናግረው አያውቁም። ዋና ሰፋሪ ሲሆኑ ጽሑፉን እንደነበረ ጻፉት፤ መዋሸት አልሆነላቸውም። ጥያቄውን ግን እንደነበረ መጻፍ አቃታቸው። በየዓመቱ በስፈራው ማግስት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ የአገሩ ልጅ በሙሉ ጀግና ስለሆነ ብሎ መለሰ የሚለውን ወሬ እስኪሰሙ ይጠብቁ ነበር። ያን ቀን ብቻ ደህና እንቅልፍ ይተኛሉ። ለልጃቸው የተናገሩት ሊሞቱ ሲሉ ነው፤ ጥያቄውን እንዳትነካብኝ ብለው።

ትርንጎ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ አየች። በደንቡ ግን መልስ መስጠት አለባት።

«ወንዙ ምን ያህል ነበር?» አለች፤ ዱላዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዛፍ ከነሥሩ ይነቅል ነበር።»

«አባትዎ ዋና ይችሉ ነበር?»

«አይችልም።»

«ቢገቡስ ኖሮ?»

አቶ ጓንጉል ወደ ጽሑፉ ተመለከቱ። ዘርፌ ይመልሱ አለቻቸው።

«ይሞት ነበር።»

«መድኃኒቱስ?»

«አብሮት ይሄድ ነበር።»

«እርስዎስ ያን ጊዜ ተወልደው ነበር?»

«አልተወለድኩም።»

«ጨርሻለሁ» አለች ትርንጎ፤ ተቀመጠች።

ዘርፌ ከዳኝነት ወንበሩ ተነሣች። «ሰውየው አልዋኘም» አለች። «ጥፋትም የለበትም።»

አቶ ጓንጉል «ተረታሁ» አሉ። ሹም እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ሩቅ አገርም አልሰማሁም። የክሱን ወረቀት ከእጄ ተቀብለው ቀደዱት፤ ዱላውን በሁለት እጃቸው ለትርንጎ መለሱ፤ ከዚያ ወጡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሕፃናቱ የሚቀመጡበት አጭር አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እኔ እንደ ልማዴ መጠራጠር ጀመርኩ፤ ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ? ለመሆኑ ታሪኩ እውነት ነው ወይ? የሰማነው አንድ ምስክር ብቻ ነው።

ያን እያሰብኩ አቶ ጓንጉል ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። በቅሏቸውን ግቢው ውስጥ ትተዋታል። ወደ ዘርፌ ነበር የሚያዩት።

«የመጨረሻውን ድገሚልኝ» አሏት።

ዘርፌ እንደ ሌላው ጊዜ ድምፅዋ ያልተሰማ መሰላት። ወንበሩ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ፣ ግቢው እስኪሰማ፣ ጥፋት የለበትም አለቻቸው።